ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

የተከበራችሁ አድማጮች፣ እንደምን አመሻችሁ። ንግግሬን በአንድ ሰዓት ልጀምር፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።

በቀዶ ሕክምና ክፍል የሌሊት ተረኛ ሆኖ የሠራ ሁሉ ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ጠያቂዎች ከሄዱ ቆይተዋል፤ ሐኪሞቹ ለጠዋቱ ዙር እስኪመጡ ገና ብዙ ይቀራል። በትናንትናው ዕለት የተቀደደው ታካሚ ነቅቶ ጣሪያ ያያል። ማስታገሻ ከተሰጠው ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ ለቀጣዩ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ደወሉን ይጫናል። አልጋው አጠገብ ስደርስ የሚጠይቀኝ ብዙ ጊዜ መድኃኒት አይደለም። «ሲስተር፣ ስፌቱ ተፈትቶ ይሆን?» ይለኛል።

አያለሁ፤ አልተፈታም። «አይዞዎት» እላለሁ፤ ብርድ ልብሱን አስተካክላለሁ፤ ሌላ ደወል ይጮኻል፤ እሄዳለሁ። እሱ ከጣሪያው ጋር ይቀራል።

ዛሬ የምናገረው ስለ ቀሩት ሁለት ሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ በመሪ ድምፅ የሚደረግ ተመስጦ፣ ብዙዎች ሜዲቴሽን የሚሉት፣ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን እንደማይችል እነግራችኋለሁ። «ተመስጦ» ሲባል ተራራ ላይ የተቀመጠ መናኝ የሚታየው ሰው አለ፤ ሌላው ደግሞ ሃይማኖቱን የሚነካበት ይመስለዋል። እኔ የማወራው ከሁለቱም በጣም ስላነሰ ነገር ነው። አንድ ድምፅ፣ በአካል ወይም በተቀረጸ ቅጂ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል የታካሚውን ሐሳብ ይዞ ይመራል። ወደ ትንፋሹ ይወስደዋል፤ ወደ መዳፉ፣ ወደ ትከሻው፤ አንዳንዴም ታካሚው ራሱ ወደመረጠው ቦታ በምናቡ ያደርሰዋል። ታካሚው ይከተላል፤ ሐሳቡ ሲሸሽ ይመለሳል። በቃ። ልምዱ የሌለው ሰው የተቀደደ ሆድ ይዞ ብቻውን ልመሰጥ ቢል ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳቡ ቁስሉ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። መሪ ድምፅ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ለዓመታት አላመንኩበትም ነበር። ቁስል የሚሽረው በጥሩ ስፌትና በንጽሕና፣ ሕመም የሚበርደው በመድኃኒት ነው እል ነበር። አሁንም ይህን የሚያስቀይረኝ ነገር አላገኘሁም። የሳትኩት ሌላ ነገር ነው፦ ታካሚው ሕመምን ብቻ ይዞ የሚተኛ መስሎኝ ነበር።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ1979 ሕመምን ሲተረጉም፣ በአካልም በስሜትም የሚደርስ ደስ የማይል ገጠመኝ ነው አለ። በ2020 ትርጉሙን ሲያሻሽለውም «ስሜት» የሚለውን አላወጣውም። ይህ የፍልስፍና ነገር ከመሰላችሁ የሆድ ቀዶ ሕክምና አድርጎ የፈራ ሰው ተመልከቱ። ሆዱን ያጠብቃል። ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ትንፋሹ ደረቱ አናት ላይ ይቀራል። የተሰፋው ጡንቻ ሲጠብቅ ስፌቱ ይሳባል፤ ሲሳብ ያመዋል፤ ሲያመው ይብስ ያጠብቃል። አጭሩ ትንፋሽ የሳንባውን የታች ክፍል በሚገባ ስለማይከፍተው አክታ ይጠራቀማል። አክታው እንዲወጣ ማሳል አለበት፤ ማሳል ደግሞ ያማል፤ ስለዚህ አያስልም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይዞት የሳንባ ምች ሲገኝበት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ያ በፍርሃት ያጠረ ትንፋሽ ሊሆን ይችላል።

ከቆዳው በታችም ሌላ ነገር አለ። ፍርሃትና ጭንቀት የኮርቲዞልንና የአድሬናሊንን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ኮርቲዞል ሲበዛ፣ ቁስል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመከላከያ ሕዋሳትን ወደ ቦታው የሚጠራበትን መልእክት ያደክመዋል። በ1995 አሜሪካ ውስጥ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችና ይህ ሸክም የሌለባቸው ሌሎች 13 ሴቶች ክንድ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ቁስል ሠሩ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመሻር በአማካይ 48.7 ቀናት ፈጀበት፤ የሌሎቹ 39.3። በ1998 ደግሞ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላንቃ ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ተደረገ፤ በፈተና ሰሞን የተሠራው ቁስል በዕረፍት ጊዜ ከተሠራው ይልቅ ለመሻር 40 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ሰዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ቁስሎቹም ትንንሽ ናቸው። እኔ ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ የፈራ ታካሚን «ጠባዩ ነው» ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

አሁን በጣም ወደምወደው ጥናት ልምጣ። ሎውረንስ ኤግበርት የተባለ የማደንዘዣ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1964 ያሳተሙት ነው። የሆድ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 97 ታካሚዎች ነበሩ። ሁሉንም የማደንዘዣ ሐኪሙ በዋዜማው ምሽት ይጎበኛቸዋል። ለአንደኛው ወገን ስለ ማደንዘዣው ብቻ ይነግራቸዋል፤ ስለ ሕመም አያነሣም። ለሌላው ወገን ግን ተቀምጦ ያስረዳል። የት እንደሚያም፣ ምን ያህል እንደሚበረታ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይነግራቸዋል። ሕመሙን የሚያብሰው ከተቀደደው ቦታ ሥር ያለው ጡንቻ ሲኮማተር መሆኑን፣ በረጅም ትንፋሽ እንዴት እንደሚያፍታቱት፣ ሆዳቸውን ሳያስጨንቁ በእጅና በእግራቸው ተደግፈው በምን ዓይነት መንገድ እንደሚገላበጡ ያሳያቸዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ተመልሶ ያስታውሳቸዋል። ቀዳጆቹ ሐኪሞች ማን በየትኛው ወገን እንዳለ አያውቁም ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? የተነገራቸው ታካሚዎች የወሰዱት የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ቀዳጆቹም በአማካይ 2.7 ቀናት ቀድመው ወደ ቤት ሸኟቸው። ጆሮ ማዳመጫ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ «ተመስጦ» የሚል ቃልም የለም። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ እውነቱን ተናግሮ፣ ትንፋሽና ጡንቻ አስተማረ። የእኔ «አይዞዎት» እና የእሱ ጉብኝት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አይዞህ መልካም ቃል ነው፤ አንጠላውም። ነገር ግን ታካሚው ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር አይሰጠውም።

በመሪ ድምፅ የሚደረገው ተመስጦ፣ በእኔ ግምት፣ ያ የኤግበርት ጉብኝት ሌሊቱን ሙሉ አልጋው አጠገብ እንዲቆይ የማድረጊያ ዘዴ ነው። በ1997 ዳያን ቱሴክና ባልደረቦቿ በክሊቭላንድ ክሊኒክ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን 130 ታካሚዎች ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን እንክብካቤ አገኙ። ግማሾቹ ከዚያ በተጨማሪ በምናብ የሚመራ የድምፅ ካሴት ከሦስት ቀን በፊት ጀምረው፣ በማደንዘዣ ሥር ሳሉም፣ ከዚያም በኋላ ለስድስት ቀናት አዳመጡ። ያዳመጡት የወሰዱት የማስታገሻ መጠን መካከለኛ 185 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የሌሎቹ 326 ነበር። የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት የወሰደ ሰው ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፦ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ድብታ፣ መጠኑ ሲበዛም የትንፋሽ መዳከም አለ። አንጀቱ የተሰፋ ሰው ከምንም በላይ የሚጠብቀው አንጀቱ ተመልሶ እንዲሠራለት ነው፤ ሞርፊን ደግሞ አንጀትን ያስተኛል።

በ2020 የታተመ የጀርመን ጥናት ይበልጥ አስገርሞኛል። በአምስት ሆስፒታሎች 385 ታካሚዎች ሙሉ በሙሉ ተኝተው ሳሉ ጆሮ ማዳመጫ ተደረገላቸው። አንዳንዶቹ በሙዚቃ የታጀበ የሚያረጋጋ ንግግር ሰሙ፤ አንዳንዶቹ ባዶ ቅጂ። ማንም ማን ምን እንደሚሰማ አያውቅም። በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ኦፒዮይድ የሚባለውን የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ የፈለጉት ባዶውን ከሰሙት 80 በመቶ፣ ንግግሩን ከሰሙት 63 በመቶ ነበሩ። በነገራችን ላይ፣ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ተኝቷል ተብሎ በታካሚ ላይ የሚቀለድ ቀልድ ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ አላልፍም።

ሁሉም ጥናት እንዲህ ያማረ አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት አጥኚዎች በ2016 ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ የአእምሮ ዝግጅትን የሚመለከቱ 105 ጥናቶችን ሰብስበው ነበር፤ ከ10 ሺህ በላይ ታካሚዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። ሕመምን ሊቀንስ፣ የሆስፒታል ቆይታንም በግማሽ ቀን ገደማ ሊያሳጥር እንደሚችል ጽፈዋል፤ ጉዳት ያደርሳል ተብሎም አይገመትም ብለዋል። የማስረጃው ጥራት ግን ዝቅተኛ መሆኑን አልሸሸጉም። ግማሽ ቀን ትንሽ ይመስላል። አልጋው ላይ ለተኛው ግን አንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፦ «ይህ ማስታገሻውን ይተካል?» አይተካም፤ መተካትም የለበትም። ፋደል ዘይዳንና ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት ሙከራ ጤነኛ ሰዎች ቆዳቸው ላይ የሚያቃጥል ሙቀት እየተደረገባቸው ይመሰጡ ነበር። ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር ሥራ የሚያግድ ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ተሰጣቸው። እንደዚያም ሆኖ ተመስጦው ሕመማቸውን ቀነሰ። እንግዲህ ተመስጦ የሚሄድበት መንገድ ሞርፊን ከሚሄድበት የተለየ ይመስላል። ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ ከቻሉ አንዱን ከልክሎ ሌላውን መስጠት ምን ይባላል?

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ጥፋቴን ነው።

ቅጂዎቹን መጠቀም በጀመርንበት ሰሞን ሆዳቸው የተቀደደ አንድ አባት ሌሊት ደጋግመው ጠሩኝ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁላቸውና «ይህን ያዳምጡ፤ ያረጋጋዎታል» ብዬ ሄድኩ። ዝም አሉ። ተረጋጉ ብዬ ደስ አለኝ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ባልደረባዬ የደም ግፊት ልትለካ ገብታ ሆዳቸውን ዳሰሰችው፤ ድንጋይ ሆኗል። ውስጥ ለውስጥ ይደሙ ነበር። በዚያው ሌሊት ተመልሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ገቡ፤ ደግነቱ ተረፉ። በኋላ «ለምን አልጠሩንም?» ብላቸው ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? «ተረጋጋ ስላልሽኝ ነዋ፣ ልጄ።»

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድም ቀን አልጣስኩትም። መጀመሪያ ቁስሉ ይታያል፤ ሆዱ ይዳሰሳል፤ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና የደም ግፊት ይለካል፤ ማስታገሻው ሰዓቱ ከደረሰ ይሰጣል። ጆሮ ማዳመጫው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ላሉ አስታማሚዎችም እንዲሁ፦ በድንገት የበረታ ወይም ቦታውን የቀየረ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል ወይም ደም፣ ያበጠ ባት፣ የትንፋሽ ማጠር ሲያጋጥም ተመስጦ የለም፤ ሐኪም ነው። ታካሚውም ድምፁን አቋርጦ መጥራት እንደሚችል በቅጂው መጀመሪያ ላይ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። በእኛ ቅጂ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «በማንኛውም ጊዜ አቋርጠው ይጥሩን» የሚል ነው። አንድ ጆሮ ብቻ እንዲሸፈንም እናደርጋለን፤ ሌላው ክፍሉን ይስማ።

ለሁሉም የሚስማማ አይደለም። ከማደንዘዣ በኋላ ያለበትን ቦታና ቀን የሳተ አረጋዊን «በምናብዎ ወደ ሌላ ቦታ ይሂዱ» ማለት ስህተት ነው፤ እሱ የሚያስፈልገው እዚህ መሆኑን የሚነግረው ሰው፣ መነጽሩና የግድግዳ ሰዓት ነው። ከባድ የስሜት ቁስል የነበረበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጡ ሲመለስ የሚያገኘው ሰላም ላይሆን ይችላል። ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ወይም ከእውነታው የራቀ ሕመምተኛም የአእምሮ ሐኪሙ ሳይማከር አይጀምርም። ለሌሎችም ዓይን መጨፈን ግዴታ አይሁን፤ አንድ ነጥብ ማየት ይበቃል።

ስለ ቅጂው ይዘት ጥቂት ልበል፤ ከጤነኞች ቅጂ ተገልብጦ ሲመጣ ብዙ ይበላሻልና። ለጤነኛ ሰው «ሆድዎን እስኪሞላ ድረስ ይተንፍሱ» ይባላል። ሆዱ ለተሰፋ ሰው ይህ ቅጣት ነው። የተለመደው ተመስጦ ሰውነትን ከእግር ጣት እስከ ራስ እየዞረ ይጎበኛል፤ ቁስሉ ላይ ሲደርስ ምን ይደረግ? እኛ መጀመሪያ ከቁስሉ ርቀን እንጀምራለን፤ ተረከዝ፣ መዳፍ፣ ግንባር። ወደ ቁስሉ የምንቀርበው ታካሚው ከፈለገ ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ ነው። ምናብም እንዲሁ ነው። ብዙ ቅጂ ሰውን ባሕር ዳርቻ ይወስደዋል፤ ውኃ ሊወስደው የነበረ ታካሚ ገጥሞኛል። ቦታውን ራሱ ይምረጥ።

እንዲህ ይጀምራል፦ «አሁን የሚያስተካክሉት ነገር የለም። አልጋው ይሸከምዎት። ተረከዝዎ አንሶላውን የነካበትን ቦታ ያስተውሉት። ትንፋሽዎን አይግፉት፤ እንደመጣ ይግባ። ሲያስወጡት ብቻ ጥቂት ያርዝሙት፤ ሻማ ሳያጠፉ ነበልባሉን እንደሚያወዛውዙ። ሕመሙ እዚያው አለ፤ ይኑር። እኛ ለጊዜው መዳፍዎ ጋር ነን።» ሕመሙ የለም አይልም። የለም ያለ ድምፅ ከዚያ በኋላ አይታመንም።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «አንተ» ካልን ሴቷ ትወጣለች፤ «አንቺ» ካልን ወንዱ። «እርስዎ» ሁሉንም ይይዛልና እሱን መረጥን። አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ታካሚ ግን «እርስዎ ሲለኝ ከኋላዬ ትልቅ ሰው የተኛ መስሎኝ ዞርኩ» ብላ አስቃናለች። መሳቋ ስፌቷን አሳምሟት ትራስ ሆዷ ላይ ይዛ ነበር። ለወጣቶችና ለልጆች ለብቻ መቅረጽ እንዳለብን ያስተማረችን እሷ ናት።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ጆሮ ማዳመጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስጠት ዋና የማያውቅን ሰው ወንዝ መሐል እንዲማር እንደ ማድረግ ነው። የቱሴክ ታካሚዎች ከሦስት ቀን በፊት የጀመሩት፣ ኤግበርትም በዋዜማው የሄደው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጠሮ ሲሰጥ ቅጂውም አብሮ ይሰጥ። ታካሚው ገና ሳያመው ቤቱ ሆኖ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ድምፁን ይልመደው። ያኔ በሌሊት ሲሰማው የሚያውቀው ሰው መጣ ማለት ነው።

ስለ ድምፁ ካነሣሁ በእሱ ልጨርስ፤ ከዚያ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ቆሜ፣ ጤነኛ ሆኜ፣ ከሥራ በፊት በነበረኝ ክፍት ጊዜ ቀረጽኩት። ባልደረቦቼ አመሰገኑኝ። ዳሌያቸው የተቀየረላቸው አንዲት እናት ግን ሁለት ሌሊት ካዳመጡ በኋላ ማዳመጫውን መለሱልኝ። «ድምፅሽ ደስ ይላል፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን ትቸኩያለሽ። እኔ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ሳልጨርስ አንቺ ሦስተኛው ላይ ነሽ።»

እንደገና ቀረጽኩት። በዚህ ጊዜ ባዶ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ሆዴ ላይ የታጠፈ ትራስ ይዤ፣ እያንዳንዱን ቃል ከተናገርኩ በኋላ ራሴ ተንፍሼ እስክጨርስ ዝም እያልኩ ነበር። የመጀመሪያው 11 ደቂቃ ነበር፤ ሁለተኛው 16 ሆነ። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።